ጓንቱ የሚያስፈልገው ለማን እጅ ነው?

ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ያከምኳቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሲመጡ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ ነበር፤ ሲወጡ ግን ብርጭቆ የሚያነሳ፣ ማበጠሪያ የሚይዝ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፍ እጅ ይዘው ነው። በመዝገባቸው ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ከፍ ብለው ስለነበር የመውጫ ሪፖርታቸውን የጻፍኩት ደስ እያለኝ ነበር። ከወራት በኋላ ደህንነታቸውን ልጠይቅ ደወልኩና ጨዋታችንን ጨርሰን ልንሰነባበት ስንል «እጅዎስ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «እጄማ ይሠራል፣ ልጄ፤ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ እንጂ» አሉኝ። እየሳቁ ነበር የተናገሩት።

ነገሩን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጠዋት የምታለብሳቸው ልጃቸው ናት፤ ምግባቸውን ቆራርጣ የምታቀርብላቸው፣ ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸው፣ ቁልፋቸውን የምትቆልፍላቸውም እሷው ናት። ማንም አልበደላቸውም። እንዲያውም እኔ ከማውቃቸው ታማሚዎች መካከል በቤተሰብ ተከብበውና ተከብረው ይኖራሉ ከምላቸው አንዷ ናቸው። ያስጨነቀኝም ይኸው ነበር። ቸልተኝነት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለማን እንደማመለክት አውቃለሁ፤ እንክብካቤ ሲሆን ግን ችግሩ ምን ተብሎ ይመዘገባል?

በኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ታማሚው የዕለት ተዕለት ተግባሩን መልሶ እንዲያከናውን በሚረዳው ሙያ፣ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ በአንድ መልክ ወይም በሌላ ሰምቶታልና አዲስ ነገር ነገርኳችሁ አልልም። ዕረፍት የነሳኝ የእኚህ እናት ንግግር በምንሞላቸው ቅጾች በአንዱም ላይ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የተግባር፣ የአካል ጉዳትና የጤና ምደባ፣ አንድ ሰው ሁኔታው ተመቻችቶለት ማድረግ የሚችለውንና በሚኖርበት አካባቢ በእርግጥ የሚያደርገውን ለያይቶ ይመለከታል። ልዩነቱን ሁላችንም ተምረነዋል፤ ተፈትነንበታልም። በሥራ ላይ ግን ዓይናችን የሚያርፈው በአብዛኛው በመጀመሪያው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውንና አሥር የዕለት ተዕለት ተግባራትን ይዞ እስከ 100 ነጥብ የሚሰጠውን ባርቴል ኢንዴክስ እንውሰድ። የአሞላል መመሪያው፣ መመዝገብ ያለበት ታማሚው የሚያደርገው እንጂ ሊያደርግ የሚችለው እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ይሁን እንጂ በተሐድሶ ክፍል ውስጥ «የሚያደርገው» የምንለው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቼው፣ ልብሱንም በሚመቸው በኩል አዘጋጅቼለት የሚያደርገውን ነው። ቤቱ ሲገባ አዘጋጁም ጊዜውም ይለወጣሉ። እኛ በነጥብ የመዘገብነው ችሎታ ያን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

«ስልክ መደወል አይበቃህም?»

ዶክትሬት የመማር ሐሳብ ከዚያ በፊትም ነበረኝ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ እየተመዘገቡ ነበር። የማስተርስ ዲግሪ ባለበት ቦታ ላይ ቆሞ መቅረት እንደ ስንፍና የሚታይ መሰለኝ፤ ከስም በፊት የሚገባው ማዕረግም አላጓጓኝም ብል ማን ያምነኛል? አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንደ እኔ ላለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያች የስልክ ጨዋታ በኋላ ግን ፍላጎቱ መልኩን ቀየረ። አንድ ገጽ ተኩል የምትሆን ጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ አማካሪ ይሆኑኛል ብዬ ወዳሰብኳቸው ፕሮፌሰር ሄድኩ።

ጽሑፌን ፊት ለፊቴ አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ ሳያነቡት አልቀሩም። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ይህን ለማወቅ ዶክትሬት ለምን ያስፈልግሃል? ታማሚዎችህ ከወጡ በኋላ ስልክ መደወል አይበቃህም?» አሉኝ። በንቀት አልነበረም የተናገሩት፤ መልስ ይጠብቁ ነበር። እኔም የነበረኝን መልስ ሁሉ በልቤ አገላበጥኩ። «ጉዳዩ አስፈላጊ ስለሆነ» ብል፣ አስፈላጊ ነገር ሁሉ ጥናት አይፈልግም። «ማንም ስላላጠናው» ብል፣ ያልተጠናበት ምክንያት ምናልባት ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር ስለሌለው ሊሆን ይችላል። «ደውዬ ልይ» ብዬ ወጣሁ።

ከዶክትሬቱ ዘመን ሁሉ ይልቅ ስለዚያ ጥያቄ ብዙ አስቤያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሙያችን በሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሰው የሚፈወሰው በማድረግ ነው ብሎ የሚያምን ሙያ ነው። ስለዚህ ከታማሚው አጠገብ ተነስቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ለሚሄድ ሰው «እዚያው ሆነህ ልታደርገው የማትችለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ሙያ ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ዶክትሬትን ከማስተርስ በላይ እንዳለ ቀጣይ ደረጃ አድርጎ ይመለከተዋል። ፕሮፌሰሩ ያሉኝ ግን፣ ጥያቄህ ከሥራህ የማይመለስ መሆኑን አሳየኝ፤ ካልሆነ ወደ ሥራህ ተመለስ፣ እሱም ክብር ነው፣ ነው።

ከክፍሉ ኃላፊዎች ፈቃድ ጠይቄ፣ ከወጡ በኋላ ልንከታተላቸው የሚገቡ ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን መደወል ጀመርኩ። የስልክ ጥሪ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያነጋገርኳት የእኚያን እናት ልጅ ነበር። በልቤ የያዝኩት ማብራሪያ ፍቅር ነበር፤ ትሳሳላቸዋለች፣ ሲቸገሩ ማየት አትችልም የሚል። እሷ ግን «ልንገርዎት፤ እማዬ አንዱን ሸሚዝ ቆልፋ እስክትጨርስ እኔ ሥራ ይረፍድብኛል። ቅዳሜ ቢሆን ራሷ ትልበስ፤ ሰኞ ግን ከየት ጊዜ ላምጣ?» አለችኝ። ጉዳዩ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የሰዓትም ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ለአንድ ልብስ የምሰጠው ጊዜ የእሷን ጠዋት በሙሉ የሚበላ ነው።

ሌላው፣ ሚስታቸው የሚያጎርሷቸው አንድ አዛውንት ናቸው። እጃቸው ማንኪያ መያዝ እንደሚችል እኔም እሳቸውም እናውቃለን። «እሷ ቁጭ ብላ ከእኔ ጋር የምትቆየው በዚያች ሰዓት ነው። ማንኪያውን እኔ ከያዝኩት ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች» አሉኝ። ለዚህ ምን ዓይነት የሕክምና ግብ ይጻፋል? ሦስተኛዋ ታማሚ ደግሞ በደህናው እጃቸው ሁሉንም ነገር እያደረጉ፣ የታመመው እጅ «ይረፍበት» ብለው ትተውት አገኘኋቸው፤ እዚያ ቤት አጋዥ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ፕሮፌሰሩ ተመለስኩ። የነገርኳቸው እንዳስደሰታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ቢሆንም ያመሰገኑኝ በሌላ ጥያቄ ነው፤ «እንግዲህ አንድ የመሰለህ ጥያቄ ሦስት ሆኗል። ሁለቱን መተው አለብህ። የትኞቹን ትተዋለህ?» አሉኝ። ስልክ መደወል ለአንድ ታማሚ ይበቃ ነበር። በአንደኛው ቤት ሰዓት፣ በሌላው ብቸኝነት፣ በሦስተኛው ልማድ የሆነውን ነገር ለይቶ ለማወቅና በየትኛው ላይ ሕክምናችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመናገር ግን አይበቃም።

የሁለት ዶክትሬቶች ወግ

በዚህ ሙያ ዶክትሬት ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የምንለው። አንደኛው ፒኤችዲ ነው፤ ያልነበረ ዕውቀት ለማምጣት የሚደረግ የምርምር ዲግሪ። ሁለተኛው በተለይ በአሜሪካ የተስፋፋው ኦቲዲ ተብሎ የሚጠራው ሙያዊ ዶክትሬት ነው፤ ያለውን ዕውቀት በሕክምና፣ በአመራር ወይም በማስተማር ሥራ ላይ ለማዋል የሚያዘጋጅ ነው። በአሜሪካ ወደ ሙያው መግቢያ የሆነው ኦቲዲ፣ ከማስተርሱ ጋር ከሚጋራው ቢያንስ የ24 ሳምንት የተግባር ልምምድ በተጨማሪ፣ ካፕስቶን የሚባል የ14 ሳምንት ወይም የ560 ሰዓት የማጠቃለያ ሥራ ይጠይቃል።

እዚያው አገር የሙያው ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሙያው መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ውሳኔው ብርቱ ክርክር አስነሳ፤ በዓመቱ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ማስተርሱም ዶክትሬቱም መግቢያ ሆነው እንዲቀጥሉ ተደረገ። የእኔ አስተያየት ከተጠየቀ የቀረው በደግ ቀረ ባይ ነኝ። ታማሚን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ልብስ እንዲለብስ ለማስተማር ጥሩ ትምህርትና ጥሩ አሠልጣኝ ያስፈልጋል፤ የተማሪውን ዕዳ ከፍ የሚያደርግ ማዕረግ ግን ለዚያ ሥራ ምን እንደሚጨምር አሳማኝ ነገር አልሰማሁም። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ራሱ ለሙያው መግቢያ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መሥፈርት በዲግሪ ስም ላይ አልተንጠለጠለም፤ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በክትትል የሚሠራ የተግባር ልምምድ ግን ይጠይቃል።

ይህን ስል ሙያዊውን ዶክትሬት እያጣጣልኩ አይደለም። እኔም በመጀመሪያ ያዘነበልኩት ወደዚያው ነበር፤ ከሥራዬ ብዙም አያርቀኝም፣ ጊዜውም አጭር ነው። ያሰብኩትም ግልጽ ነበር፦ ታማሚው ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡን ማሠልጠን፣ ሥልጠናውን በክፍላችን መትከል፣ ውጤቱን መመዘን። ችግሩ የመጣው «ቤተሰቡን ምን ብዬ ነው የማሠለጥነው?» ብዬ ራሴን የጠየቅኩ ጊዜ ነው። «አታግዟቸው» ልበል? ለሰኞ ጠዋቷ ልጅ ይህ ምክር ሳይሆን ስድብ ነው። የሚተከል ዕውቀት ሲኖር የሚተክል ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ የነበረኝ ግን ገና ያልተፈታ ነገር ነበር። ወደ ፒኤችዲ የገፋኝ ይህ ነው። ጥያቄው በሌላ መልክ ቢመጣ ኖሮ፣ ለምሳሌ አስቀድሞ የተፈተነ አሠራርን ወደ ክፍላችን የማስገባት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ ኦቲዲውን ያለማመንታት እመርጥ ነበር።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ዶክትሬታቸውን የሠሩት በአብዛኛው በሌሎች ሙያዎች ጣራ ሥር ነው። አእምሮ ከስሜት ሕዋሳት የሚያገኘውን መረጃ እንዴት እንደሚያቀናጅ የሚያብራራውን የስሜት ሕዋሳት ቅንጅት ንድፈ ሐሳብ ያቆሙት ጂን አይረስ የዶክትሬት ዲግሪያቸው በትምህርት ሥነ ልቦና ነበር። የሰው ልጅ ሥራ ሞዴል የሚባለውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ጋሪ ኪልሆፍነር ደግሞ የተመረቁት በሕዝብ ጤና ነው። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በራሳችን ዘርፍ፣ በኦኩፔሽናል ሳይንስ፣ የዶክትሬት ፕሮግራም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በሰው ጣራ ሥር መማር የራሱ በረከት ነበረው፤ አዳዲስ ዘዴዎችን አምጥቷል። እኔ ግን ጥያቄዬን ወደ ሥነ ልቦና ብወስደው ስለ ተነሳሽነት፣ ወደ ነርሲንግ ብወስደው ስለ አስታማሚ ጫና የሚያወራ ጥናት ሆኖ እንደሚመለስልኝ ታየኝ። ሁለቱም እውነት ይሆናሉ። ግን «ሥራ የሚሰጠው ጠፋ» የሚለው ንግግር በሁለቱም ውስጥ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1961 የሙያችን ምሁር ሜሪ ራይሊ በታወቀው ንግግራቸው፣ ሰው አእምሮውና ፈቃዱ ኃይል የሚሰጧቸውን እጆቹን በመጠቀም በራሱ ጤና ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል የሚል መላምት አቅርበው ነበር። የሙያችን ትልቁ መላምት ነው ብዬ አምናለሁ። የእኚያ እናት አእምሮም ፈቃድም እጅም ነበራቸው። መላምቱ ያላነሳው፣ እጁ የሚሠራው ነገር ከማን እጅ ላይ እንደሚወሰድ ነው።

የጓንቱ ጉዳይ

የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ የሚባለው፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች የሚነበቡበት የዶክትሬት ክፍል አሰልቺ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ያስደሰተኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎች ሰዎች የእኔን ጥያቄ ከሌላ በኩል ሲታገሉት ኖረዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ታውብ የገለጹት፣ በልማድ የሚመጣ አለመጠቀም የሚባል ነገር አለ። ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት ታማሚው በደከመው እጁ ሲሞክር አይሳካለትም፤ በደህናው ሲሞክር ይሳካለታል። አእምሮ ይህን ይማራል። ኋላ የደከመው እጅ ቢያገግም እንኳ የተማረው ትምህርት አብሮት ይቀራል፤ እጁ እየቻለ ይቀመጣል። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ደህናውን እጅ በጓንት መገደብና የደከመውን እጅ በብርቱ ማሠራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣውና ኤክሳይት የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውንና በእጃቸው ላይ የተወሰነ እንቅስቃሴ የቀረላቸውን 222 ሰዎች አሳትፎ ነበር። ይህን ሕክምና ያገኙት ሰዎች ለሁለት ሳምንት፣ ከነቁበት ጊዜ 90 በመቶ ያህሉን ጓንቱን ለብሰው እንዲውሉ ተጠየቁ። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ተሻላቸው፤ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ ይታይ ነበር።

ይህን ጥናት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለተማሪዎችም አስተምሬዋለሁ። በዚያ ጊዜ ሳነበው ግን የእኚያ እናት ልጅ ትዝ አለችኝና ንባቤን አቆምኩ። እናትየው ደህናው እጃቸው አይደለም የታመመውን የተካው፤ የተካው የልጃቸው እጅ ነው። ታውብ ስለ ሁለት እጆች ነገሩን፤ በዚህ ቤት ግን አራት እጆች አሉ። ታዲያ ጓንቱ የሚያስፈልገው ለማን እጅ ነው? ጥያቄው ለአፍታ አሳቀኝ፤ ቀጥሎ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የዛሬው የጥናት ንድፌ ከዚያች መስመር ነው የወጣው።

ከቀልዱ ወደ ንድፉ መድረስ ግን ረጅም መንገድ ነበር። መጀመሪያ የሚለካው ነገር መገኘት ነበረበት። ታማሚው ራሱ ክንዱን ምን ያህልና እንዴት እንደሚጠቀም ከ0 እስከ 5 ነጥብ እየሰጠ የሚመልስበት ቃለ መጠይቅ አለ፤ ጠቃሚ ነው፣ ግን በትዝታ ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ በኩል በሁለቱም የእጅ አንጓዎች ላይ የሚታሰሩና እንቅስቃሴን የሚመዘግቡ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች ከተገኙት ነገሮች አንዱ ብዙ ሰው የማይገምተው ነው፤ ጤነኛ አዋቂዎች ቀን ሙሉ ሲታዩ ቀኝና ግራ እጃቸውን የሚያሠሩበት ጊዜ በጣም የተቀራረበ ነው። ሌላው ደግሞ ለሙያችን የሚመር ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ የተገኘ የእጅ ችሎታ መሻሻል በቤት ውሎ ላይ የማይታይበት ጊዜ አለ።

ሴንሰሩም ቢሆን ጉድለት አለበት። ሰው ሲራመድ የሚወዛወዘውን እጅ ማንኪያ ከሚያነሳው እጅ አይለይም፤ ሁለቱንም እንቅስቃሴ ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃኝም፤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ማየት አለብኝ። እዚያ ስቀመጥ ደግሞ ልጅቷ እንግዳ ፊት እናቷን ማገዟን ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። ከአማካሪዬ ጋር በዚህ ላይ ብዙ ተሟግተን፣ የሴንሰሩን መረጃ ከአጫጭር የቤት ጉብኝቶችና ከቃለ መጠይቅ ጋር የሚያጣምር ድብልቅ የጥናት ዘዴ መረጥን።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያነሳው ነገር ደግሞ እኔ ትኩረት ከሰጠሁት በላይ ከባድ ነበር። «ታማሚዋ ፈቅደው ይፈርማሉ፤ ልጃቸውስ ምንድን ናት? የጥናቱ ተሳታፊ ናት ወይስ የአካባቢው አካል?» አሉ። የመጀመሪያው መልሴ አካባቢ ናት የሚል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ቤተሰብን የሚያስቀምጠው ከአካባቢያዊ ሁኔታዎች ጋር ነውና። ኮሚቴው አልተቀበለውም፤ አለመቀበሉም ትክክል ነው። ባህሪዋን የማጠና ከሆነ የራሷ ፈቃድ፣ የራሷ ምስጢር፣ እናቷ ፈቅደው እሷ እምቢ የማለት መብት ሊኖራት ይገባል። በዚያ ላይ የደከመን አስታማሚ «እርዳታህ ጎድቷል» ብሎ በተዘዋዋሪ የሚወነጅል ጥናት ማን ይወዳል? የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንደገና ጻፍኳቸው፤ «ለምን ያግዟቸዋል?» የሚለውም «ጠዋትዎ እንዴት ያልፋል?» ሆነ።

ከሥራ ሳይርቁ መማር

ስለ ጊዜውና ስለ ገንዘቡ ብዙ አልናገርም፤ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። ገቢ ይቀንሳል፤ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር ትርጉሙን ያጣል። በሙሉ ጊዜ ሦስት አራት ዓመት የሚባለው፣ እየሠሩ ሲማሩት በእጥፍ ሊረዝም ይችላል። ከሳምንቱ ውስጥ የተወሰነውን ቀን ከታማሚዎች ጋር ለመቆየት የወሰንኩት ግን ለገቢው ብቻ አይደለም። በዶክትሬት ተማሪ ላይ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ሁሉንም ነገር በራሱ ጥያቄ መነጽር ማየት ይጀምራል። ለእኔ የቤተሰብ እርዳታ ሁሉ መሰናክል መስሎ መታየት ጀምሮ ነበር። ክፍል ውስጥ ስገባ ግን ማንም የማያግዛቸው ታማሚዎች ያጋጥሙኛል፤ እነሱ ቤት የሚጎድለው ጓንት ሳይሆን አራተኛው እጅ ራሱ ነው።

በሆነ ነገር መጠመድ ብቻውን ጤና አይሆንም የሚለውንም እዚህ ላይ አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሎረንስ ክላርክና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት በሎስ አንጀለስ የተካሄደ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 361 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ ዘጠኝ ወር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ያገኙ፣ በማኅበራዊ መዝናኛ የተሰባሰቡ፣ ምንም ያልተደረገላቸው። የተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ዝም ብለው በመዝናኛ የተጠመዱት ምንም ካልተደረገላቸው ያን ያህል አልተለዩም። ሰውየው ለራሱ ትርጉም ያለውን ነገር መምረጡና በኑሮው ውስጥ ማስገባቱ ላይ ነው ልዩነቱ። ይህን ጥናት ወደ እኔ ጉዳይ ሳመጣው ይከብደኛል። ያ ሚስቱ የምታጎርሰው ሰው እጁን ባለማሠራቱ በእኔ ሴንሰር ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ያስመዘግባል። እሱ ግን መርጧል። አንድ ሸሚዝ ለመቆለፍ የሚጠፋውን ጉልበት አስቀምጦ ለሚወደው ነገር ሊያውለው የሚፈልግ ሰውስ? ራስን መቻል የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ፍላጎት እንደሆነ አድርጎ ሙያችን መነሳቱን አጥብቀው የሚተቹ እንደ ካረን ዋሊ ሀመል ያሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ትችታቸውን ቀድሞ እንደ ፍልስፍና ጉዳይ አነበው ነበር፤ አሁን የመረጃ ትንተናዬን የሚያበላሽ ተጨባጭ ችግር ሆኖብኛል።

ስለዚህ ከሴንሰሩ በፊት የሚመጣ ክፍል ጨመርኩ። በካናዳ የተዘጋጀውና ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የተግባር አፈጻጸም መለኪያ፣ ታማሚው ራሱ የሚያስጨንቁትን ተግባራት እንዲጠቅስ፣ አፈጻጸሙንና እርካታውንም ከ1 እስከ 10 እንዲመዝን ያደርጋል። ቁልፍ መቆለፍን ታማሚው ካልጠቀሰው፣ አለመቆለፉ በእኔ ጥናት እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ፕሮፌሰሩ ይህ ትንተናውን እንደሚያወሳስብና የተሳታፊዎችን ቁጥር ከፍ እንዳደርግ እንደሚያስገድደኝ አስጠንቅቀውኛል፤ ልክ ናቸው። ክፍሉን ግን አልተውኩትም።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት በዚሁ ላይ ነው። ታማሚውና የሚያግዘው ሰው ለየብቻ ሆነው ያንኑ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ እናት «ራሴ ብለብስ ደስ ይለኛል» ስትል ልጅ «እሷ መልበስ አትወድም» ልትል ትችላለች። የሙከራ ቃለ መጠይቆቹ ላይ እንዲህ ያለ አለመግባባት ከጠበቅነው በላይ ተገኝቷል። ሁለቱ መልሶች በማይገጥሙበት ቦታ የማንን እንያዝ በሚለው እኔና አማካሪዬ ገና አልተስማማንም። እሳቸው የታማሚው ቃል የመጨረሻ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አለመግባባቱ ራሱ ተለክቶ የጥናቱ ውጤት አካል መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባም ይህንኑ በጽሑፍ ይዤ እቀርባለሁ።